ከግርዶሹ እስከ ሰማንያኛው ቀን

የጨረቃ ግርዶሽ እንይ ብላ ያሰበችው ጓደኛዬ ናት። ከወለደች ሁለት ወር አልፏት ነበር። ሌሊት ልጅቷን ለማጥባት ስትነሳ ስልኳን ትነካካለች፤ እዚያ ላይ አየችው። በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩታ፣ ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ እንዳስደገፈች፣

«ረቡዕ ሊነጋ ሲል ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። ቀይ ትሆናለች ይላል። ሁላችንም ወጥተን እናያለን» አለችኝ።

«ሕፃኗስ?»

«ይዘናት ነዋ። እሷ እንደሆነች በዚያ ሰዓት አትተኛም። ለአንድ ቀን እንኳ የሚታይ ነገር እያየን እንንቃ።»

የሷ በርና የኔ በር ፊት ለፊት ነው፤ ላስ ቬጋስ፣ ፓራዳይዝ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የሆቴል ሠራተኛ የሚበዛበት አፓርትመንት፣ ሁለተኛ ፎቅ። በመካከላችን ያለው ስድስት እርምጃ አይሞላም። እሺ አልኳት። ሕፃኗ ወዳለችበት መሄድ ሁሌም ደስ ይለኝ ነበር። ክርስትና የማነሳት እኔ ነበርኩና።

ይህን ከመነሻው ልናገር። ጓደኛዬና እኔ አንድ ሆቴል፣ አንድ ፎቅ ላይ ክፍል እናጸዳ ነበር። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ፣ መጋቢት ላይ ካዚኖው ሁሉ ሲዘጋ ሁለታችንም ቤት ዋልን። እሷ ባል አላት። እኔን ወደዚህ አገር ያመጣኝ አባቴ ነው፤ እሱ ግን ዓመት ሳይሞላን የሥጋ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ስቴት ሄደ። እኔ ሰው ፊት አፌ ስለሚያያዝ በቶሎ ጓደኛ አላፈራም። በእነዚያ ወራት ከሷ በቀር ከሰው ጋር አላወራሁም ብል ማጋነን አይሆንም። በሯን ትከፍትና፣ «ነይ እንጂ፣ ብቻዬን አልበላም» ትለኛለች። እሄዳለሁ።

ሰኔ ላይ አረገዘች። ክሊኒኩ በኮሮናው ምክንያት አጃቢ አያስገባም ነበር። ባሏ የሊሞዚን ነጂ ነው፤ ያን ጊዜ ሊሞ የሚከራይ ስለጠፋ ዕቃ ያደርሳል፣ ቀን ቤት አይገኝም። ስለዚህ በአውቶቡስ አብሬያት እሄድና መኪና ማቆሚያው ጥግ ያለች አንዲት ዛፍ ሥር ቆሜ እጠብቃታለሁ። ጥላዋ አንድ ሰው ብቻ ነው የምታስጠልለው። አንድ ቀን ከክሊኒኩ ወጥታ ማስኩን ወደ አገጯ አወረደችና፣

«ሴት ናት» አለችኝ።

«እልልል» አልኩ፣ በቀስታ፣ ሰው እንዳይሰማኝ።

«ወንድ ቢሆን የባሌ ወንድም ነበር ክርስትና የሚያነሳው። ሴት ከሆነች ግን አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው አላስብም። ብሞት እንኳ ልጄ እናት አላት እላለሁ።»

 አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። በዚያ ዓመት ሰው ሰው አያቅፍም ነበር፤ እኛ ግን ተቃቀፍን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተዘጋጀሁ። የክርስትና እናት ስለ ሕፃኗ ሆና ሰይጣንን ትክዳለች፣ ጸሎተ ሃይማኖት ትደግማለች። እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ግእዙን ከመጽሐፍ ማንበብ ስለከበደኝ በስልኬ እየሰማሁ፣ ሳህን ሳጥብም አልጋ ሳነጥፍም እየደገምኩ በቃሌ ያዝኩት። ስድስተኛ ክፍል ማቆሜን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከሷ በቀር። ደብዳቤ ሲመጣልኝ የምታነብልኝ እሷ ስለሆነች መንገር ነበረብኝ። «ለማንም አልናገርም፣ ደግሞስ ምን ያሳፍራል?» ብላኝ ነበር።

ልጅቷ መጋቢት ላይ ተወለደች። ቀኑን ቆጠርኩ። ሰማንያኛው ቀን ሰኔ መጀመሪያ ላይ፣ እሁድ ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ግን ጓደኛዬ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣

«ቄሱ ክርስትናውን ለመስከረም አስተላልፈውታል። በኮሮናው ምክንያት ሰው መቀበል አልቻሉም» አለችኝ።

የሴት ልጅ ሰማንያ ቀን ይተላለፋል ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። ይህን የማያውቅ የኛ ሰው የለም። ግን ያን ዓመት ያልተላለፈ ነገር አልነበረም፤ ሠርጉም፣ ተዝካሩም። ሆቴሉ መልሶ ጠርቶኝ በሳምንት ሦስት ቀን መሥራት ጀምሬ ነበር፣ ሺፍቴም እሁድን ይነካል፤ ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ቆይቻለሁ። «ምን ይደረግ፣ መስከረም ሩቅ አይደለም» አልኳት። እሷም እፎይ ስትል አየኋት። የዚያን ጊዜ ምክንያቱ አልገባኝም።

የግርዶሹ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። ባሏ ይነዳል። እሷ ከኋላ፣ ከሕፃኗ ወንበር አጠገብ። እኔ በሕፃኗ ማዶ። ከፊት የተቀመጡት ከታች ፎቅ ያሉት እማማ ናቸው። እማማ በሱዳን በኩል ወደዚህ የመጡት እኔ ከመወለዴ በፊት ነው። የቁማር ማሽኖቹ ሳንቲም ይተፉ በነበረበት ጊዜ በካዚኖ ውስጥ እየዞሩ ሳንቲም ሲዘረዝሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ልጅ የላቸውም። የሕንፃችን ሰው ሁሉ እሳቸውን ሳያማክር ነገር አይጀምርም፤ ሲያማክራቸው ደግሞ ይቆጡታል።

መኪናው ሳይንቀሳቀስ ጀመሩ።

«ክርስትና ያልተነሳች ልጅ በውድቅት! እኔ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ድፍረት አላየሁም። ብረት ይዛችኋል?»

«የምን ብረት እማማ?» አለ ባሏ።

«ልጅቷ አጠገብ የሚቀመጥ ብረት።»

«እማማ፣ የተቀመጡበት መኪና እኮ ራሱ ብረት ነው። ሁለት ቶን ብረት ውስጥ ነው ያለችው።»

«አንተ ቀልድ» አሉና ከቦርሳቸው ትንሽ መቀስ አውጥተው ወደኋላ አቀበሉኝ። ከብርድ ልብሷ ሥር፣ በእግሯ በኩል አደረግሁት። ጓደኛዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ሳቀች።

በምዕራብ በኩል ከከተማው ወጥተን ወደ ተራሮቹ የሚወስደውን መንገድ ያዝን። የካዚኖዎቹ ጎዳና፣ የስትሪፑ መብራት ከኋላችን ሰማዩን ብርቱካን አስመስሎታል፤ በጨለመ ቁጥር መስኮቱን ዝቅ እያደረግን ሰማዩን እናያለን። ከመንገዱ ወጣ ያለ ሜዳ ላይ አንዲት መኪና መብራቷን አብርታ ትጠብቀናለች። የአሊያንቴዋ ናት።

የአሊያንቴዋ የምንላት አሊያንቴ በሚባለው ጥሩ ሰፈር ቤት ስላላት ነው። አዲስ አበባ ጥሩ ትምህርት ቤት ተምራ፣ ዲቪ ደርሷት መጥታ፣ እዚህም ተምራ ፋርማሲስት ሆናለች። ከጓደኛዬ ጋር የተዋወቁት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰው አትንቅም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ስታየኝ «የኔ ቆንጆ» ብላ ሮጣ የምትስመኝ ሴት ናት። ያን ሌሊትም ለሁላችን የሚታጠፍ ወንበር፣ ብርድ ልብስ፣ የሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ይዛ መጥታለች። ረቡዕ ቢሆንም ሃምሳው ስላላለቀ ጾም አልነበረም፤ የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ ሠርታ በፎይል ጠቅልላለች።

«ላስ ቬጋስ ውስጥ ያለ ቲኬት የሚታይ ሾው ይኼ ብቻ ነው» አለ የጓደኛዬ ባል፣ ወንበሩን ሲዘረጋ።

«ሆቴሉ ደጅ የሚጨፍረው ውሃስ?» አሉ እማማ።

«እሱ ካዩ በኋላ ወደ ውስጥ ለማስገባት ነው እማማ። ጨረቃ ቁማር ቤት የላትም።»

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ተጀመረ። ጨረቃዋ ከተራራው በላይ ብዙም አልራቀችም፤ ሙሉ ነበረች፣ ድንጋዮቹ ሁሉ ጥላ ነበራቸው። በግራዋ በኩል አንድ ሰው በጥርሱ እንደገመጣት የመሰለ ጥቁር ነገር ታየ። ማንም አልጮኸም። ቀስ ብሎ፣ ሰዓት ካልተመለከቱ በማያስታውቅ አካሄድ፣ ወደ መሐሏ ገባ።

«እግዚኦ» አሉ እማማ። «ልጅ ሳለሁ ጨረቃ ስትጠፋ አገሩ ሁሉ ወጥቶ እግዚኦ ይል ነበር። እናንተ እንቁላል ትበላላችሁ።»

የአሊያንቴዋ ሳቀችና በደግነት፣ ለእሳቸው ብቻ ሳይሆን ለሁላችን በሚሰማ ድምፅ አስረዳች። መሬት በፀሐይና በጨረቃ መካከል ስትገባ ጥላዋ ጨረቃ ላይ ያርፋል አለች። ከዚያ ወደኔ ዞር ብላ፣

«ይኼን ሃይስኩል ተምራችሁት የለ?» አለችኝ።

አውቀው ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን መስኮቱን በካርቶን ዘግቶ፣ በፋኖስና በሁለት ኳስ አሳይቶናል። ትልቁን ኳስ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቃሉ አፌ ላይ እስኪመጣ ትንሽ ዘገየሁ።

ጓደኛዬ ቀደመችኝ። «ተያት ባክሽ፣ እሷ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመችው። የት ሰምታው» አለች፣ የዳቦውን ፎይል እየገለጠች። የነገሩን ክብደት ሳታስብ፣ ዝም ብላ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደምታወራ።

የአሊያንቴዋ «ኧረ ምን ችግር አለው» አለች በፍጥነት። የጓደኛዬ ባል አቀርቅሮ ስልኩን አየ። እኔ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ሳብኩት።  አፏ አምልጧት ነው፣ አስባበት አይደለም፣ እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። እንዲያ ማለቴ እስከ አሥር ሰዓት ገደማ ረዳኝ።

አሥር ሰዓት አካባቢ ብርሃኗ በአንድ ወገን እንደ ጥፍር ቀጭን ሆነ። ሜዳው ጨለመ፤ ያላየናቸው ከዋክብት ወጡ። ነፋስ ተነሳ። ሕፃኗ ከመኪናው ውስጥ አለቀሰችና እማማ አቅፈዋት ወጡ፤ በነጠላቸው ሸፍነው ጀርባቸውን ለጨረቃዋ ሰጡ።

«አይዞሽ፣ አንቺ አታዪያትም» ይሏታል። ከዚያ ለኛ፣ «አሥራ አንድ ቀን መታገሥ አቅቷችሁ ነው? ተጠምቃ ቢሆን እኔም ዝም ባልኩ።»

ሐሳባቸው የተምታታ መሰለኝና እንዳይሸማቀቁ በቀስታ፣

«እማማ፣ ክርስትናው እኮ መስከረም ነው» አልኳቸው።

«ማነው ያለው?»

«ቄሱ አስተላልፈውታል።»

«ሰማንያ ቀን ይተላለፋል እንዴ? እሁድ ሳምንት ነው! ትናንት ማታ እኮ እናቷ ዳቦውን እንድደፋላት ስትለምነኝ ነበር። ይቺም» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ አሊያንቴዋ እያመለከቱ፣ «ልጅቷን የምታነሳበትን ነጭ ቀሚስ አሳይታኛለች። ምነው፣ አልነገሩሽም?»

 የአሊያንቴዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ ጓደኛዬን አየች።

«አታውቅም እንዴ?» አለቻት። «ራሷ ናት እምቢ ያለችው አልሽኝ እኮ። ሰው ፊት መቆም ያሳፍረኛል፣ አልችልም አለች፣ አላልሽኝም?»

«በኋላ እናወራለን» አለች ጓደኛዬ።

«የምን በኋላ! እኔ ቦታዋን ቀምቼ...»

«በኋላ አልኩ እኮ!» ጮኸች። ከዚያ ተነስታ ክንዴን ይዛ ከመኪናው ኋላ ወሰደችኝ። ክንዴን ማስለቀቅ አላሰብኩም። ከክሊኒኩ ስትወጣም፣ አውቶቡስ ስንሳፈርም እንዲሁ ነበር የምትይዘኝ።

ከመኪናው ኋላ ጨለማ ነበር። ፊቷ አይታየኝም፤ ነጭ ስኒከሯ ብቻ ይታየኛል። ሁለታችንም ወደዚያው እናያለን።

«ተቀየምሽኝ?»

ጠጠሩን በጫማዬ ጫፍ ገፋሁት።

«ተናገሪ እንጂ። እንዲህ ዝም ስትዪ ነው የምታስጨንቂኝ።»

«እምቢ አለች ብለሽ ነገርሻት?»

«ምን ልበላት ታዲያ? ሐሳቤን ቀየርኩ ልበል? ለስምሽ አስቤ ነው።»

«ስሜ በምን ይጎዳል?»

 ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ለረጅም ጊዜ የተዘጋጀችበትን ነገር ተናገረች። «እዪ፣ አምና ስንት ሰው ሞተ? የዚህን ሕንፃ ሰው እንኳ ቁጠሪው። እኔና አባቷ አንድ ነገር ብንሆን ማነው የሚያሳድጋት? እሷ ቤት አላት። ተምራለች። ትምህርት ቤት ቢጠሯት ሄዳ ትናገራለች፣ ሆምወርክ ታሠራታለች። አንቺ እንደምትወጃት አውቃለሁ። ከኔ በላይ ልትወጃት ትችያለሽ። ግን ደብዳቤ ሲመጣልሽ ይዘሽ የምትሮጪው ወደኔ ነው። እኔ ባልኖር ወደ ማን ትሮጫለሽ?»

ከዚህ ውስጥ ውሸት የለም። እስከ ዛሬ ስመላለስበት አንዱንም ውሸት ነው ማለት አልቻልኩም። ቀን መርጣ፣ በሯን ዘግታ፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ብትነግረኝ ኖሮ ራሴው ልክ ነሽ የምላት ይመስለኛል። እሷ ግን ቄሱ ያላሉትን አሉ አለችኝ። እኔ ያላልኩትንም አለች አለቻቸው። ለኔ አንድ ውሸት፣ ለነሱ ሌላ ውሸት ሠርታ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ በየቀኑ በሬን እያንኳኳች ሕፃኗን ታሳቅፈኝ ነበር።

«ቪዲዮውን የምትቀርጪው አንቺ ነሽ» አለችኝ ክንዴን ጨብጣ። «ልነግርሽ ነበር እኮ፣ በዚህ ሳምንት። ስልኩን ለሌላ ሰው አላስነካም። እሺ? የኔ እናት፣ እሺ በይኝ።»

«እናንተ!» ብሎ ባሏ ተጣራ። «ቀላች እኮ! ሊያልፋችሁ ነው!»

እሺ አላልኳትም። እምቢም አላልኳትም። እጇን ከክንዴ ላይ ቀስ አድርጌ አንስቼ እዚያው ቆምኩ። እሷ ሄደች። ጨረቃዋ ሙሉ በሙሉ የተጋረደችው ለሩብ ሰዓት እንኳ አልነበረም ብለው ነገሩኝ። ከመኪናው ኋላ ስወጣ በአንድ ጠርዟ ብርሃኑ መመለስ ጀምሮ ነበር። ቀይዋን ጨረቃ ያየኋት በማግስቱ፣ ባሏ በላከልኝ ፎቶ ላይ ነው፤ እንደ ዝገት የመሰለች፣ ደብዛዛ ነገር።

እማማ ሕፃኗን እንደታቀፉ ወደኔ መጡ። «እኔ የምታውቂ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉኝ። «አፌን በቆረጠው።»

«እርስዎ ምን አጠፉ እማማ።»

የአሊያንቴዋ ወንበሮቿን ማንንም ሳታናግር አጣጠፈች። ስትለየን እንደ ሁልጊዜዋ ሳመችኝ፤ ጉንጯ እርጥብ ነበር። ወደ ከተማው ተመለስን። ሰማዩ ሲነጋጋ ጨረቃዋ ጎኗ እንደተገመጠ ከተራራው ጀርባ ገባች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጓደኛዬን የሸሸኋት አልመሰለኝም፤ ግን ሥራ በማልገባበት ቀን ሳይቀር ጠዋት ከቤት እየወጣሁ ሙቀቱ እስኪያባርረኝ መናፈሻ ውስጥ እቀመጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ስታንኳኳ ቤት ነበርኩ። አልከፈትኩም።

ሰማንያኛው ቀን ደረሰ። እሁድ ጎህ ሳይቀድ በሬ ተንኳኳ። እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም፤ በመዳፏ ነው የምትመታው።

«ክፈቺልኝ! እባክሽ ክፈቺልኝ!»

ሕፃኗ አንድ ነገር የሆነች መስሎኝ እየሮጥኩ በሩ ጋ ደረስኩ። «ምን ሆነች?»

«ልጅቷ ደህና ናት። የአሊያንቴዋ ናት እንጂ። አሁን ደወለችልኝ፤ የወር አበባዋ መጣባት። ቤተ ክርስቲያን መግባት አትችልም። ቄሱ እየጠበቁን ነው፣ ዘመድ ሁሉ ተነስቷል። ድረሺልኝ እህቴ፤ ነጠላሽን ብቻ ጣል አድርገሽ ነይ። ጸሎቱን ታውቂው የለ።»

እጄ መቆለፊያው ላይ ነበር። ክርስትና የማነሳት እኔ ልሆን ነው። ከክሊኒኩ ደጅ ጀምሮ የፈለግሁት ይኸው ነበር፤ ከበሩ ማዶ ቆሞ ይለምነኛል። ማሰብ የቻልኩት ግን አንድ ነገር ነው። የሚችል ሰው ስለጠፋ ነው የመጣችው። የሚችል ቢኖር ኖሮ አሁን ተኝቼ ነበር፣ እነሱም በዚህ ኮሪደር በእግር ጣታቸው ያልፉ ነበር።

እምቢ ማለት በሕይወቴ ለምጄው አላውቅም። ሥራ አለኝ እንዳልል ሺፍቴን ታውቀዋለች። አመመኝ ብል ክፈቺና ልይሽ ትለኛለች። ስለዚህ ማንም ሴት ሌላዋን ዋሸሽ የማትልበትን ነገር ተናገርኩ።

«እኔም አልችልም» አልኳት በበሩ በኩል።

«ለምን?»

«እኔም እንደሷ ነኝ። ትናንት ነው የመጣብኝ።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። 

«እማማ አሉ» አልኳት። «እሳቸውን የሚከለክላቸው የለም። ቶሎ ውረጂ።»

የእግሯን ኮቴ ደረጃው ላይ ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ በመስኮቱ መጋረጃ ጥግ አየኋቸው። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በአንድ እጃቸው የደጃፉን ብረት ይዘው ወጡ። ባሏ የመኪናውን በር ከፈተላቸው። ሕፃኗ ነጭ በነጭ ለብሳ ነበር፤ ፊቷ አልታየኝም። ሄዱ። እኔ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለሷ ስል አይደለም፤ ሄጄ ቢሆን ኖሮ አሁን ልጅቷን ታቅፌ ነበር ብዬ ነው። የገዛ አፌ ነው የከለከለኝ።

ወደ ማታ ድግሱ ካለቀ በኋላ መጣች። ሐበሻ ቀሚሷን አላወለቀችም። በሳህን ድፎ ዳቦና ዶሮ ይዛለች። ያን ጊዜ ከፈትኩላት። አልገባችም፤ እኔም ግቢ አላልኳትም።

«እማማ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው የያዟት» አለችኝ። «ደግነቱ ልጅቷ አላለቀሰችም።»

«እንኳን አደረሳችሁ።»

ሳህኑን ተቀበልኳት። የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደችም።

«እውነቱን ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። 

«ታለቅሻለሽ ብዬ።»

«አለቅስ ነበር። አልቅሼ ሳበቃ ደግሞ እመጣ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። ኩሏ ከዓይኗ ሥር ተዝረክርኳል። «ጠዋት ያልሽኝስ? እውነትሽን ነበር?»

«አይደለም» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች።  ከሷ ቤት የሕፃኗ ለቅሶ ተሰማ፤ ወደዚያ ዞር አለችና፣ «ሳህኑን ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ» ብላ ስድስቱን እርምጃ ተሻግራ በሯን ዘጋች።

ምግቡን ወደራሴ ዕቃ ገለበጥኩት። ነገ እንዳታንኳኳ ሳህኑን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ሳልተኛ በሯ ሥር አስቀመጥኩላት።